40,000 ችግኝ ከመግዛታችሁ በፊት ጠባቂ ቅጠሩ

ጥያቄው፦ «የመንዝ ተወላጆች ነን። አዲስ አበባና ሜሪላንድ የምንኖር 60 ያህል አባላት ያሉት ማኅበር አለን። ከመንደራችን በላይ ያለው ተራራ ተራቁቷል። ከሥሩ ያለው ቦረቦር በየክረምቱ እየሰፋ እርሻ በልቶ ወደ ቤት እየተጠጋ ነው። በመጪው ሐምሌ 40,000 ችግኝ ገዝተን በአንድ ቅዳሜና እሑድ ልንተክል አስበናል። ለመንደሩ ሥራ አጥ ወጣቶችም የወቅት ሥራ ይሆናል ብለናል። ግማሻችን ባሕር ዛፍ እንላለን፣ ግማሻችን አገር በቀል። የቱ ይሻላል? ስንት ሄክታርስ ይሸፍናል?»

ሒሳቡን ላስቀድም። ችግኝ 2 ሜትር በ2 ሜትር ሲተከል አንድ ሄክታር 2,500 ይይዛል። ስለዚህ 40,000 ችግኝ የ16 ሄክታር ተክል ነው። አሁን ጉድጓዱን እንቁጠር። በተራቆተ፣ ድንጋያማ መሬት ላይ አንድ ጎበዝ ሠራተኛ በቀን 15 ደህና ጉድጓድ ከቆፈረ እሰየው ነው። 60 ሰው ሁለት ቀን ሲሠራ 120 የሰው ቀን ይሆናል። በዚያ የሚቆፈረው 1,800 ጉድጓድ ነው። የተቀረው 38,200 ችግኝ ምን ይሆናል? ወይ በዱላ በተበሳ ቀዳዳ ይሰካል፣ ወይ መኪናው ካራገፈበት ሳይነሳ ይደርቃል። ሁለቱንም አይቻለሁ። ፎቶው ግን በሁለቱም ጊዜ ያምራል።

ይህን የምለው ላሾፍባችሁ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ከተነገረን ወዲህ ብዙዎቻችን መሬት ማዳን የአንድ ቀን ጀብዱ መስሎናል። ተፋሰስ ግን የሚሠራው ዓመቱን ሙሉ ነው። ወቅቱን ጠብቆ የሚመጣ ሥራ አለው፣ ተከላ ከዚያ ውስጥ አጭሩና የመጨረሻው ነው። የእናንተ ጥያቄ ደግሞ ከመጨረሻው ነው የጀመረው።

ትልቁ ስህተት ያለው «ዛፍ የለምና ተራቆተ፣ ስለዚህ ዛፍ እንትከል» የሚለው ላይ ነው። ተራራው የተራቆተው የሚተክል ጠፍቶ አይደለም። የሚበቅለውን በግ እየነጨው፣ ከብት እየረገጠው፣ የተረፈውን ሰው ለማገዶ እየለቀመው ነው። 40,000 ችግኝ ብታወጡበት በጉ ያው በግ ነው። ደግሞ በክረምት ዶፍ አፈሩን በቶሎ የሚይዘው የሁለት ዓመት ችግኝ አይደለም። መሬት ላይ የተነጠፈው ሣርና ቁጥቋጦ ነው። የዝናቡን ጠብታ የሚቀበለው፣ ውሃውን የሚያዘገየው፣ ደለሉን የሚያጣራው እሱ ነው። ከሥሩ ባዶ መሬት ያለው ዛፍ ጎርፍ ሲያልፍ ከማየት በቀር የሚፈይደው ጥቂት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ መከለል ነው፤ በግብርና ሰዎች አነጋገር «ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ነፃ» ማድረግ። ሞቶ የሚመስለው መሬት ብዙ ጊዜ አልሞተም። ጉቶው፣ ሥሩ፣ በአፈር ውስጥ የቀረው ዘር አለ። በወላይታ ሁምቦ 2,728 ሄክታር ተራራ በአብዛኛው የለማው አዲስ ችግኝ በማፍላት አልነበረም። የቀረውን ጉቶ በመከለልና ቡቃያውን መርጦ በመግረዝ ነው። ያ ሥራ በኋላ የካርቦን ገቢ እስከማስገኘት ደርሷል። በእናንተ አካባቢ ደግሞ የደብር ቅጥር ግቢ አለላችሁ። ጽዱም ኮሶውም ወይራውም ከዚያ ነው የሚተርፈው። ወፍና ነፋስ ዘሩን ወደ ተራራው ያወጡታል። በሰላም እንዲያድግ ብቻ መተው ይበቃዋል።

ይህ ለመንዝ ሰው አዲስ ትምህርት አይደለም፤ እንዲያውም ከእኔ ይልቅ አባቶቻችሁ ያውቁታል። የመንዙን የጓሳ ሣር ምድር አስቡ። ከ400 ዓመት በላይ እንደዘለቀ የሚነገርለት፣ ቄሮ የሚባል የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ነበረው። የጓሳ ሣር ለዓመታት ይዘጋል። ጊዜው ሲደርስ በስምምነት ይከፈታል፣ ይታጨዳል፣ እንደገና ይዘጋል። ያለ ጊዜው የገባ ይቀጣል። ያ ሥርዓት የላላው ከአብዮቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ነው። ቢሆንም ጓሳ ዛሬም ቆሟል፣ ቀይ ቀበሮውም ጭላዳውም እዚያው አሉ። የእናንተን ተራራ ለመከለል ከውጭ ሞዴል አትፈልጉ። ከሽማግሌዎቹ ጋር ቁጭ ብላችሁ «ጓሳ እንዴት ነበር የሚጠበቀው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከማንኛውም ሥልጠና የተሻለ ስብሰባ ይሆናል።

መከለል ግን በነፃ አይገኝም። የመንዝ ሰው ኑሮ ከበጉ ጋር የተሳሰረ ነው። ተራራው ሲዘጋ የሚጎዳው ሰፊ መሬት ያለው ገበሬ አይደለም። ሁለት በግ ኖሯት የግል ግጦሽ የሌላት ሴት ናት። እሷን ያላስታወሰ ክልከላ ወይ በሌሊት ይጣሳል፣ ወይ ጠብ ያመጣል። እኔ የምመክረው ተራራውን በሦስት ከፍሎ መዝጋት ነው። የላይኛው ሲሶ በመጀመሪያው ዓመት ይዘጋል። ሣሩ ሲያገግም ታጭዶ ለየቤቱ ይከፋፈላል፣ ግጦሽ የሌላቸው ድርሻቸው ከፍ ይላል። ከዚያ ሁለተኛው ሲሶ ይከተላል። ደጉ ነገር ሣር አያስጠብቅም። ሐምሌና ነሐሴን ካልተነካ ጥቅምት ላይ ማጭድ ይገባበታል። ሰው በመጀመሪያው ዓመት ሸክም ሣር ይዞ ቤቱ ከገባ የሁለተኛውን ዓመት ክልከላ ራሱ ይጠብቀዋል።

ይህ ሁሉ በወረቀት ይስፈር። ውስጠ ደንቡን የሚያወጡት የተፋሰሱ ተጠቃሚዎች ናቸው፣ እናንተ አይደላችሁም። የገንዘብ ቅጣቱ፣ የሣሩ አከፋፈል፣ ቀፎ የሚሰቅሉት ወጣቶች እነማን እንደሆኑ፣ ማገዶ መልቀም ይፈቀድ አይፈቀድ፣ ሁሉም ይጻፍ። ቀበሌው፣ የወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና መሬት አስተዳደሩ ማኅተም ያሳርፉበት። የመሬቱ ባለመብት ማን እንደሆነ ሳይጻፍ የለማ ተራራ ካማረበት በኋላ ባለቤት ይበዛበታል። ሕጉ ብርቅ አይሁንባችሁ። የ1997ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 እንኳ ተዳፋቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውል ደንግጎ ነበር። የቸገረን የሕግ ጽሑፍ አይደለም፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ተራራው ላይ የሚቆም ሰው ነው። ርዕሱ ላይ ጠባቂ ያልኩት ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ቦረቦሩ። እሱን በችግኝ ማቆም አይቻልም። ቦረቦር የሚያድገው በራሱ፣ ማለትም በላይኛው ጫፉ በኩል ወደ ላይ ነው። ውሃው ከላይ ሲወድቅ እግሩን ይቆፍራል፣ ከላይ ያለው ናዳ ይሆናል፣ ራሱ አንድ እርምጃ ወደ ተራራው ይጠጋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ይህ ውሃ ከየት ተሰብስቦ መጣ?» የሚለው ነው። አንዳንዴ መልሱ ተራራው አይደለም። ከብት የሚወርድበት መንገድ ሊሆን ይችላል። የመኪና መንገድ ቱቦ የሚተፋው ውሃ ሊሆን ይችላል። ወይም ገበሬዎች ውሃ እንዳይተኛባቸው በየማሳቸው አግድም የሚያወጡት ፈሰስ ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ተገናኝቶ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ ፈሰስ ለየማሳው ልክ ነው። ሲደመር ግን ወንዝ ነው።

የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ ቦታ ላይ 11 የድንጋይ ክትር፣ ማለትም በቦረቦሩ ውስጥ ውሃውን የሚያዘገይ ትንንሽ ግድብ አሠራሁ። ድንጋዩ ጥሩ፣ ሰዉ ጎበዝ፣ ክትሩ እንደ ግድግዳ የተስተካከለ። ስህተቱ እዚያ ላይ ነበር፤ እንደ ግድግዳ የተስተካከለ መሆኑ። መሐሉን ዝቅ አድርጌ ውሃው የሚያልፍበት ማስተንፈሻ አልተውኩለትም። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ አንድ ከባድ ዝናብ መጣ። ውሃው በክትሩ ላይ መሐል ለመሐል መሄድ ሲያቅተው ጎንና ጎኑን በልቶ ዞረ። ክትሮቹ በቦታቸው ቀሩ። ቦረቦሩ ግን በዙሪያቸው ሰፋ። አንድ ሽማግሌ መጥተው ካዩ በኋላ «ልጄ፣ ለድንጋዩ ነው ለውሃው ነው የሠራኸው?» አሉኝ። እስከ ዛሬ ክትር ባየሁ ቁጥር እሳቸው ትዝ ይሉኛል።

ስለዚህ ክትር ሲሠራ እነዚህን አትለፉ። ሥራው ከቦረቦሩ ራስ ይጀምር፤ የተራራው ውሃ ሳይቀነስ ከታች መገደብ ከንቱ ድካም ነው። የክትሩ ሁለት ጫፎች ወደ ዳርና ዳሩ አፈር ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይግቡ። መሐሉ ከጎኖቹ ዝቅ ይበል። ውሃው ከማስተንፈሻው ወርዶ የሚያርፍበት ቦታ በትልልቅ ድንጋይ ይነጠፍ፤ አለበለዚያ የክትሩ መሠረት ራሱ ይቦረቦራል። ርቀታቸውን በዓይን ግምት አታድርጉት። የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር እግር ጋር በአግድም እኩል ይሁን። በደረቅ ድንጋይ የሚሠራ ከአንድ ሜትር ብዙም ባይበልጥ ይሻላል። ጋቢዮን፣ ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሳጥን፣ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ውድ ነው። ምንጣፍና ማስተንፈሻ የሌለው ጋቢዮን በሽቦ የታሰረ ስህተት ነው። ከክትሩ ጀርባ ደለል ሲሞላ ደግሞ ተሳካ ማለት ነው። ደለሉ ላይ ወዲያው ሣር ይተከልበት፣ ከብት እንዳይገባበት ይከለከል።

ከቦረቦሩ ራስ በላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ እንቁፈር የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ አንድ ነገር ከተመለሰ ብቻ፦ የተቀለበሰው ውሃ የት ይሂድ? ጠንካራ፣ ሣር የለበሰ መውረጃ ከሌለ የእናንተን ቦረቦር አቁማችሁ የጎረቤት ቀበሌ ቦረቦር ትከፍታላችሁ። እንዲህ ያለ ክስ ሽማግሌም ፍርድ ቤትም ሲያሰለች አይቻለሁ።

ሌላው ብዙ ሰው የማይጠረጥረው የታችኛው ሜዳ ነው። ከተራራው ሥር ጥቁር፣ የሚሰነጠቅ አፈር ካለ ነገሩ ይለያል። እዚያ ክረምቱ አጋማሽ ላይ ሲደርስ መሬቱ ውሃ ጠግቦ ያብጣል። ቦረቦሩ የሚሰፋው ጎርፍ ገርስሶት ብቻ አይደለም። ግድግዳው ከውስጥ በሚገፋው ውሃ ከብዶት እየተናደ ነው። በዚህ አፈር ላይ ውሃ የሚያስቀር እርከንና ትሬንች (ውሃ መያዣ ቦይ) ማብዛት ነገሩን ያባብሰዋል። ከላይ፣ ተዳፋቱ ላይ ውሃ አስርጉ። ከታች፣ ጥቁር አፈሩ ላይ ውሃውን በቀስታ አስወግዱ። የቦረቦሩን ቀጥ ያለ ግድግዳ ደግሞ አዘንብላችሁ ቁረጡና ሣር አልብሱት። ተራራና ሜዳው አንድ ዓይነት ሥራ ይሠራበት የሚል ዕቅድ ካያችሁ ዕቅዱን የጻፈው ሰው ቦታውን አላየውም።

ስለ እርሻው እርከን በአጭሩ። በ1970ዎቹ የተቋቋመው የአንዲት ጥድ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ እዚያው ሰሜን ሸዋ ውስጥ ነው። ቦታው የቀረችለት አንዲት ጥድ ናት መሰለኝ፤ ስሙ ራሱ ይናገራል። ከእንደነዚያ ጣቢያዎች በተነሣ ጥናት ከአገሪቱ የታረሰ መሬት በዓመት በአማካይ በሄክታር 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ተገምቷል። ያ ከማሳው ላይ በየዓመቱ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር መላጥ ማለት ነው። ዓይን አያየውም። የልጅ ልጅ ግን ያየዋል። ቁም ነገሩ እርከን የእኩል ከፍታ መስመሩን ከሳተ ከባዶ መሬት ይብሳል፤ ውሃ ሰብስቦ በአንድ ቀዳዳ ይለቀዋል። 10 ሜትር ክር፣ ሁለት እኩል ዘንግና ትንሽ ውሃ ልክ ከ300 ሰው ጉልበት ይበልጣል።

የተፋሰስ ልማት ዘመቻ ሪፖርት ሲነበብላችሁም ሒሳብ ያዙ። በተለምዶ የሥራ መለኪያው 1 ኪሎ ሜትር የአፈር እርከን 150 የሰው ቀን፣ የድንጋይ እርከን 250 የሰው ቀን ነው። 200 ሰው 18 ቀን ቢሠራ 3,600 የሰው ቀን ይሆናል። ይህ 14 ኪሎ ሜትር ከምናምን የድንጋይ እርከን ነው። በ10 ሜትር ርቀት ከተዘረጋ 14 ሄክታር አካባቢ ይሸፍናል። በዚያው ሰውና በዚያው ቀን 300 ሄክታር ለማ የሚላችሁ ካለ ወይ ሰዉ ግዙፍ ነው፣ ወይ እርከኑ የለም።

18 ቀን ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም። የመንዝን የቀን መቁጠሪያ ካላወቃችሁ የወቅት ሥራ ማቀድ አትችሉም። ገብሱ ተወቅቶ የሚገባው ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ከገና በኋላ ሰዉ ክንዱ ነፃ ይሆናል። በልግ ከጣለ ግን የካቲት ላይ በሬ ይጠመዳል። ስለዚህ ለቁፋሮና ለድንጋይ ያላችሁ ከገና እስከ የካቲት አጋማሽ ነው። ከዚያ ላይ ሰንበቶቹን ቀንሱ። ጥምቀትን ከነማግስቱ ቀንሱ። አስተርእዮ ማርያምን፣ ወርኃዊ በዓላቱን ቀንሱ። የሚተርፋችሁ ይህን ያህል ነው። ሚያዝያና ግንቦት የተከላ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ አፈሩ ፀሐይና አየር ያገኛል። ሰኔ የሣር ግንጣይ ይሰበሰባል። ሐምሌ ይተከላል። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ በዝናቡ ውስጥ እየዞሩ መጠገን ነው። መስከረምና ጥቅምት ኩትኳቶ፣ ጥላና የሣር አጨዳ። ይህ ነው የወቅት ሥራ የሚባለው። ወጣቶቹ ሥራ ያገኛሉ ካላችሁ በዚህ ሁሉ ውስጥ ነው እንጂ በአንድ ቅዳሜ አበል አይደለም።

ከዚህ መሐል በጣም የተናቀውና በጣም ዋጋ ያለው የሐምሌው ጥገና ነው። አንድ ሰው አካፋና የዝናብ ልብስ ይዞ ጎርፉ እየወረደ እያለ ቢዞር በአንድ ቀን የሚደፍነው ቀዳዳ በጥር 50 ሰው የሚጠይቅ ነው። ግን ይህን የሚከፍል ድርጅት ብዙም አላየሁም። በዚያ ወቅት ጎብኚ የለም፣ መንገዱም ጭቃ ነው።

ገንዘባችሁ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በጥር ዘመቻ ሰዉ የራሱን ማሳ እርከን የሚሠራው በነፃ ነው። ሴፍቲኔት ያለበት ወረዳ ከሆነ ደግሞ ለማኅበረሰብ ሥራው የራሱ ክፍያ አለ። እናንተ በሜሪላንድ ብር መጥታችሁ ለዚያው ሥራ አበል ከጀመራችሁ በመጀመሪያው ዓመት ትመረቃላችሁ። በሁለተኛው ዓመት ያለ አበል የሚወጣ ሰው ይጠፋል። በሦስተኛው እናንተም ትጠፋላችሁ። ስለዚህ ሰው በነፃ ለሚሠራው አትክፈሉ። ክፍያው ነፃ ጉልበት ለማይደርስበት ይሁን፦ ለጥበቃ፣ ለድንጋይ ክትር ባለሙያ፣ ለችግኝ ጣቢያ፣ ለሐምሌ ጥገና። ከመጀመራችሁ በፊት ክፍያውን ከወረዳው ጋር ተነጋገሩበት።

ባሕር ዛፍ ወይስ አገር በቀል? ሁለታችሁም በግማሽ ልክ ናችሁ። ባሕር ዛፍን እንደ ሰይጣን የሚያዩት ማገዶ ለቅመው አያውቁም። መንዝ ኩበት ነው የሚያነደው። የተነደደ ኩበት ወደ ማሳ ያልገባ ፍግ ነው። በየጓሮው ጥግ ትንሽ የባሕር ዛፍ ቁራጭ መኖሩ ለአፈሩም ይበጃል። የተከለለው ተራራ ላይ፣ ምንጭ አጠገብና እርሻ ዳር ግን አይተከል። ሥሩ ውሃውን ይሻማል። ከሥሩ ሣር አይወጣም፣ ቅጠሉም ተጠርጎ ለምድጃ ይወሰዳል። በተዳፋት ላይ ያ ማለት በጥላ የተሸፈነ ጎርፍ ነው። አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ መትከልም ያስፈራል። አዊ ዞን ውስጥ ዲከረንስ የሚባለው የግራር ዓይነት ብዙ ገበሬ አበለጸገ፤ የዝገት በሽታ ሲገባበት ግን ሁሉም አንድ ላይ ደነገጠ።

ለተራራው ጽድና ኮሶ፣ ለማሳ ዳር ትሪ ሉሰርን የሚባለው የመኖ ዛፍ ይሁን፤ እሱ ለበግም ለንብም ነው። ለእርከን ላይ ፋላሪስ ሣር ብርዱን ይችለዋል። ቬቲቨር የሚባለውን ሣር የሚላችሁ ባለሙያ ከቆላ ነው የመጣው፤ ሣሩ በብርድ አገር እድገቱ ይደክማል። ችግኙን ሰኔ ላይ ሄዶ «ስንት አላችሁ?» ማለት የሌላ ሰው ትራፊ መግዛት ነው። በብርድ አገር ጽድና ኮሶ በችግኝ ጣቢያ ውስጥ ለወራት መቆየት አለባቸው፣ ስለዚህ ለመጪው ዓመት ዘንድሮ ይዘራ። ተከላው በሐምሌ የመጀመሪያ ሳምንታት ይለቅ። ነሐሴ መጨረሻ የተተከለ ሥር ሳይሰድ የኅዳር ውርጭ ይደርስበታል። ላስቲኩን ደግሞ አውልቁ። ያስቃል፣ ግን ከነላስቲኩ የተቀበረ ችግኝ ስንቱን ነቅዬ እንዳየሁ አልነግራችሁም። ስንቱ እንደጸደቀ የምትቆጥሩት መስከረም ላይ አይደለም፤ መስከረም ላይ ሁሉም አረንጓዴ ነው። በጋውን ከተሻገረ በኋላ ግንቦት ላይ ቁጠሩ።

ይህ ሁሉ የማያደርገውንም ልበል። ዝናብ አያመጣም። የደረቀ ምንጭ ሊመለስ ይችላል፣ ግን ዓመታት ይወስዳል፤ አለቱ ካልፈቀደም አይመለስም። ቦረቦሩ ወደ ቤት ከ20 ሜትር በታች ከቀረበ ግድ የለም ብላችሁ ክትር አትጠብቁ፣ ቤተሰቡ ይነሣ። ሦስት የሰው ቁመት የሚያክል ጥልቀት ካለው መሐንዲስ ሳያየው ማንም ድንጋይ እንዳያስቀምጥበት። መንገዱና ፀጥታው ካላመቸ ደግሞ ሥራውን አንድ ዓመት ማሳለፍ ነውር የለውም። ጠባቂና ውስጠ ደንብ ግን ያን ዓመትም ይሠራሉ።

ምክሬ ይህ ነው። 40,000ውን ሰርዙ። ከቦረቦሩ ራስ በላይ ያለውን፣ ውሃው ወደዚያ የሚወርደውን ከ20 እስከ 30 ሄክታር ብቻ ምረጡ። ያላችሁን ገንዘብ ለሦስት ዓመት ክፈሉት። ከአሥር እጁ አራቱ ለሁለት ጠባቂና ለክረምት ጥገና ሠራተኞች ደመወዝ ይሁን። ሦስቱ ለቦረቦሩ ክትር። ሁለቱ ለሣርና ለመኖ፣ ለወጣቶቹም የንብ ቀፎ። አንዱ ለችግኝና ለመሣሪያ፤ ችግኙ በመጀመሪያው ክረምት ከ3,000 አይብለጥ፣ እሱም ተፈጥሮ ራሷ ባልሞላችው ክፍት ቦታ ላይ ብቻ። ውስጠ ደንቡ እስከ ኅዳር መጨረሻ ካልተፈረመ በገና አንድም አካፋ አትግዙ፤ ገንዘቡን በባንክ አቆዩት።

በሐምሌ መምጣታችሁን ግን አትተዉት። ባንዲራና ቲሸርቱ ይቅር፣ ቦቲና የዝናብ ልብስ ያዙ። ከሰዓት በኋላ ዶፉ ሲጀምር ከጠባቂው ጋር ተራራው ላይ ውጡ። ውሃው የት እንደሚሰበሰብ፣ የትኛው ክትር እንደሚያስተነፍስ፣ የትኛው ላይ እንደሚዞር በዓይናችሁ እዩ። ሁልጊዜ ከአንድ ድንጋይ ላይ ቆማችሁ አንድ ፎቶ አንሱ። በሚቀጥለው ዓመትም ከዚያው ድንጋይ ላይ አንሱትና የሁለቱን ዓመት ፎቶ ላኩልኝ።